ሆድና ጀርባ የሆነው በር

የሚያውቁት ሁሉ ካቻቢቴ ነው የሚሉት። ቅጥነቱና ቁመቱ፣ ከሸሚዙ ኪስም የማትጠፋው ባለቢጫ እጀታ ካቻቢቴ ተደማምረው ይህን ስም አወጡለት። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው እያለ ራሱም ይቀልድበታል።

በወጣትነቱ የቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ነበር የተቀጠረው። ሱቁ ያለቀለት ዕቃ አይሸጥም። ቁምሳጥኑም፣ መደርደሪያውም፣ የጫማ ሳጥኑም ተበታትኖ፣ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ገዢው ቤቱ ወስዶ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል እያየ ይገጣጥመዋል ተብሎ ነው። ተብሎ ነው እንጂ፣ አብዛኛው ሰው ግማሽ መንገድ ይደርስና የግራውን ለቀኝ፣ የላዩን ለታች አድርጎ፣ ከሚስቱ ጋር ተኮራርፎ ተመልሶ ይመጣል። ባለሱቁ ያኔ ዞር ይልና "እስቲ አንተ ረጅሙ፣ ሂድ ገጥምላቸው" ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጫኙ ገጣጣሚ ሆነ።

ሥራውን ወደደው። የወደደው ደግሞ ለብሎኑና ለመዶሻው ብሎ አልነበረም፤ ለቤቶቹ ብሎ ነው። ሰው ቁምሳጥን የሚገዛው ኑሮው ሊለወጥ ሲል እንደሆነ ቶሎ ገባው። አንዱ ሊያገባ ነው፣ ሌላዋ ልትወልድ ነው፣ አንዱ ደግሞ ከትዳሩ ወጥቶ ባዶ ክፍል ተከራይቶ ነው። መጋረጃ ያልተሰቀለበት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ሳይገባ በፊት፣ ካርቶኑ ሲቀደድ ወለሉን የሚሞላውን የኮላና የሰጋቱራ ሽታ ዛሬም ድረስ አይረሳውም። አዲስ ኑሮ እንዲያ ነው የሚሸተው ይላል። ሙሽሮች ብሎን እያቀበሉት ይሳሳቃሉ፤ ሻይ በብርጭቆ ያመጡለታል፤ ወንበር ስለሌለ ሦስቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠጣሉ። ማታ ሲወጣ በሩ ገጥሞ፣ ቁምሳጥኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ትቷቸው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያውቅም ነበር። ጊዜ ሲያልፍ በሮቹ ምን እንደሚሆኑ ያወቀው በአንዲት ሴት የተነሣ ነው።

ክረምቱ እየወጣ ሳለ አንድ ጠዋት ባለሱቁ ጠራው።

"አንዲት ተኳሽ ሴት መጥታ ነበር" አለው።

ካቻቢቴ የያዘውን ካርቶን አስቀመጠ። "የምን ተኳሽ?"

"ልብስ ተኳሽ ነዋ፣ በካውያ። ከኛ የወሰደችው ቁምሳጥን በሩ አልገጥም ብሏታል። ያው አያያዙን ሳታውቅበት ቀርታ ነው። ሂድና አንድ ነገር አድርግላት። ግን ተጠንቀቅ፣ አነጋገሯም እንደ ካውያዋ ነው።"

ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ስሞታ ሲሰማ ጆሮው የሚደፈንበት ዓይነት ነጋዴ ነበር።

ቤቱ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ደረጃው የሚያልቅበት ጋ። በአንድ በኩል አልጋና መስኮት፣ በሌላው በኩል የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ሱሪ፣ የአንድ ሆቴል አስተናጋጆች ነጭ ኮት ገመድ ላይ ተደርድሯል። መሀል ላይ መተኮሻ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ኋላ ያ ቁምሳጥን ቆሟል፤ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ባለ ሁለት በር፣ እስከ ጣሪያው የሚደርስ። የግራው በር ከላይ በኩል ጫፉ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ የሰማው ነገር እንዳላስደሰተው ሰው አፈንግጦ ይታያል።

ሴትየዋ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ ትሠራለች። አልጋው ላይ አንዲት አሮጊት ዳንቴል ይሠራሉ፤ ያሳደጓት አክስቷ ናቸው።

"ማን ነው የገጠመልዎት?" አለ ካቻቢቴ። ልቡ ጥፋቱን በገጠመው ሰው ላይ ሊያላክክ ተዘጋጅቷል።

"እኔው ነኝ" አለች።

ዙሪያውን እየዞረ አየው። ስህተት ፈለገ። አንድም አላገኘም። ብሎኑ ሁሉ በቦታው፣ ጀርባው በሥርዓት የተመታ፣ መደርደሪያው ውልፍት የማይል። እሱ ራሱ ሲቸኩል የሚዘላቸውን ሁለት ትናንሽ ማሰሪያዎች እንኳ አልዘለለቻቸውም። ኋላ ላይ ሰው "መቼ ነው የወደድካት?" ብሎ ሲጠይቀው፣ እነዚያን ማሰሪያዎች ያየሁ ጊዜ ነው ይል ነበር። ያኔ ግን ወደ ሥራው ነው የዞረው። የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ወደ ግራ ትንሽ አዞረ፤ በሩ ገጠመ።

"ጨረሱ?" አለችው።

"ጨርሻለሁ።"

አክስቷ ከዳንቴላቸው ቀና ሳይሉ "እናያለን" አሉ።

ሳምንታት አላለፉም፤ ተመልሳ መጣች። ካቻቢቴ ውሃ ልክ ይዞ ሄደ። ወለሉ ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። "ይሄ ነው ነገሩ፤ ሳጥኑ ካዘመመ በሩም ያዘምማል" ብሎ በኩራት አስረዳቸው። እግሩ ሥር ሽብልቅ አስገባ፣ አስተካከለ፣ በሩ ገጠመ። ውሸቱን አልነበረም፤ ወለል ሲያዘነብል በር አይገጥምም። የዚህኛው በር ሕመም ግን ያ አልነበረም። ወር ሳይሞላ ያ የላይኛው ጫፍ ያንኑ ኩርፊያውን ኮረፈ።

በሦስተኛው በሩን ነቅሎ አወረደው። ጠርዙን ወደ ፊቱ አስጠግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ጫፉ አየው።

"ተኳሿ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር" አለች።

ሳቅ አመለጠው። ያየው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሩ እንደ ትሪ ጎድጉዷል። ማጠፊያ ቢዞር፣ ወለል ቢስተካከል ከንቱ ነው፤ የታመመው ራሱ ሳንቃው ነው። ተሸክሞ ወደ ሱቁ ወሰደውና ጓሮ ፀሐይ ላይ አጋድሞ ጡብ ጫነበት። ቀጥ አለ። ደስ ብሎት መልሶ ገጠመላት፤ ሻይ ጠጣ፤ ሄደ። እንደገና ተጣመመ።

አራተኛ ሲመጣ አክስቷ ዳንቴላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። "እኔ ምለው፣ ጠማማው በሩ ነው ወይስ አንተ? ይሄ ሰውዬ ራሱ እያጣመመ ነው የሚሄደው። ይህን ያህል ጊዜ ሐኪም የተመላለሰለት ሰው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል።"

ካቻቢቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አንድ በርጩማ ስቦ ተቀመጠና "ግድ የለም፣ እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፤ እኔ ዛሬ አያለሁ" አላት።

እሷም ሥራዋን ቀጠለች። ሸሚዝ ላይ ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ካውያውን ታሳርፋለች፣ እንፋሎቱ ቡፍ ብሎ ይወጣል። መስኮቱ ዝግ ነው፤ የመንገዱ አቧራ ነጩን ልብስ እንዳያበላሸው። እንፋሎቱ የሚሄድበት ስለሌለው ወደ ኋላዋ፣ ወደ ቁምሳጥኑ ይሄዳል። ልብሱ ሲያልቅለት ደግሞ ገና እንደሞቀ፣ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው በሩን ከፍታ ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ ትዘጋዋለች። ቁምሳጥኑ ቀኑን ሙሉ ውስጥ ውስጡን ይታጠናል።

ካቻቢቴ ተነሣ። ጣቱን ከብርጭቆ ውሃ አጠቀሰና በሩ ፊት ላይ፣ በሚያብለጨልጨው በኩል፣ አንድ ጠብታ አሳረፈ። ጠብታው ተንከባሎ ወረደ። በሩን ከፍቶ በውስጥ በኩል ሌላ አሳረፈ። ትንሽ ቆየና ጠፋ፤ ተጠጣ። እጁን ሽቅብ ሰደደና ማንም የማያየውን የላዩን ጠርዝ ዳሰሰ። እዚያ ደግሞ ጭራሽ ልባስ የለም፤ ሰጋቱራው እንዳለ ፊቱን ሰጥቶ ተቀምጧል።

ይህን በር ከመሰለው ስንት መቶ በር ገጥሟል፤ አንድም ቀን ጀርባውን ዳስሶ አያውቅም።

"ኑ እዩ" አለ። ሳያስበው ድምፁ ከፍ ብሏል። የካርቶን ማሸጊያ ወረቀት ቀደደና አንድ ፊቱን ብቻ በውሃ አራሰው። መዳፉ ላይ እንዳስቀመጠው ወረቀቱ ቀስ እያለ ተጠቀለለ። "ይሄው። ይሄ እንጨት አይደለም፤ የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተለውሶ፣ ተጨፍልቆ ነው። ውሃ ሲሸተው ያብጣል። ፊቱ ደህና ልባስ አለው፤ አይጠጣም። ጀርባው ቁጠባ ተብሎ ስስ ወረቀት ነው የተለጠፈበት፤ ይጠጣል። ጀርባው ሲያብጥና ሲረዝም ፊቱ ባለበት ይቀራል። ከዚያ መጎተት ነው። በሩ ረጅም ነው፣ ስስ ነው፣ የያዙት ሁለት ማጠፊያዎች ብቻ ናቸው፤ ማን ይገላግላቸው? ፊትና ጀርባው ሆድና ጀርባ ሆነው ነው።"

"ፀሐይ ላይ ሲሆን ለምን ቀጥ አለ ታዲያ?" አለች ወረቀቱን ከመዳፉ እያነሣች።

"የጠጣውን ስለተፋ። እዚህ ሲመጣ ደግሞ መልሶ ይጠጣል።"

አክስቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ደግሞ ሰውየውን ጠርጥሬ" አሉ። ይቅርታ ግን አልጠየቁም።

በማግሥቱ ቫርኒሽ ይዞ መጥቶ ጠርዙን በሙሉ ቀባው። በጀርባው በኩል የገበታ ላስቲክ በኮላ ለጠፈበት፤ ጀርባውም እንደ ፊቱ እንዳይጠጣ። መሀሉ ላይ ሦስተኛ ማጠፊያ ጨመረ። ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አዛወረ፤ የአክስቷን አልጋ ወደ ግድግዳው ገፋ። አክስቷ አጉረመረሙ። ልብሱንም በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰቅል አደራ አላት። ሁሉን ነገር አድርጓል፤ አሁን መጠራት የለበትም። ደረጃውን ሲወርድ ደስ ሊለው ሲገባ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ላይ አየ።

ግን ተጠራ። ጥቂት ቀን ቆይታ ሱቁ በር ላይ ቆመች። "በሩ" አለች ብቻ።

ሄዶ አየው፤ እውነቷን ነው፣ ጫፉ ተንሻፏል። የላስቲኩ ጥግ ተልጧል። መልሶ ለጠፈ። ሌላ ጊዜም እንዲሁ። ካቻቢቴ ነገሩ የሞያ ክብሩን ነካው፤ እንቅልፍ ነሳው። ይሁን እንጂ ወደዚያ ደረጃ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ንጹሕ ሸሚዝ እንደሚለብስ ራሱን አልጠየቀም። ሸሚዙንም ደግሞ አንድ ቀን "አውልቅና ልተኩስልህ፣ እንዲህ ተጨማዶ ሰው ቤት ይገባል እንዴ" ብላው፣ እሱም "ተይ ባክሽ፣ አትልፊ" ብሎ፣ ሁለቱም እርስዎ መባባል እንደቀረ ያስተዋሉት ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ አክስቷን ደረጃው መሀል ላይ አገኛቸው። ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ መደገፊያውን ይዘው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ቅርጫቱን ሊያነሣላቸው ሲል እጁን ያዙት።

"አንተ ልጅ፣ ጅል ነህ ወይስ ታስመስላለህ?"

"ምን አጠፋሁ እማማ?"

"ጠረጴዛውን መስኮት ጋ አደረግህላት። አንተ ወጥተህ ደረጃውን ሳትጨርስ ትመልሰዋለች። ላስቲኩን በጥፍሯ የምትልጠው ማን ይመስልሃል? ትናንትና በሩን ከፍታ እንፋሎቱን ታጠጣው ነበር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልጋዬ ወዲያና ወዲህ ሲጎተት አልኖርም፤ የምትለውን ነገር ቶሎ በላት።"

ካቻቢቴ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ ቆመ። ከዚያ ዞሮ ሽቅብ ወጣ። የክፍሉን በር ስትከፍትለት ጠረጴዛው ግማሽ መንገድ ላይ ነበር፤ እየገፋችው ነው የደረሰባት።

"ምን ረሳህ?" አለች። ጉንጯ ቀልቷል።

"በሩን ልየው ብዬ።"

"አሁን እኮ ነው የሠራኸው። ደህና ነው።"

"ደህና እንደሆነማ አውቃለሁ" አለ።

ጠረጴዛውን በአንድ በኩል ያዘላት፤ እሷም በሌላው ያዘች፤ መስኮቱ ጋ አደረሱት። ከኋላ የደረሱት አክስቷ አልጋቸው ላይ ተቀመጡና "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ።

ተጋቡና እዚያው ክፍል ገባ። የሱ ንብረት አንድ ሻንጣና አንድ የዕቃ ሳጥን ነበር። ቁምሳጥኑን ለሦስት ተካፈሉት፤ የግራው በር የነሱ፣ የቀኙ የደንበኞች ልብስ፣ የላዩ መሳቢያ የአክስት። ሴት ልጃቸው ስትወለድ አራት ሆኑ፤ የመጀመሪያ አልጋዋም የቁምሳጥኑ የታችኛው መሳቢያ ሆነ። አክስት ዳንቴል አነጠፉበት።

በዚያ ሰሞን ባለሱቁ ከወትሮው የረከሰ ዕቃ አስመጣ። በሮቹ ከፊተኞቹ የሳሱ፣ ጀርባቸው ያን ስስ ወረቀት እንኳ ያላየ፣ ባዶ ቡናማ ነበሩ። ካቻቢቴ ገና ካርቶኑ ሲከፈት መዳፉን ሰደደ። "ጋሼ፣ ይሄ ክረምት አይሻገርም" አለ። ባለሱቁ "አንተ ደግሞ ካገባህ ወዲህ ፈሪ ሆነሃል" ብሎ ሳቀበት። ዕቃው እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ዝናቡ ሲገባ ሱቁ በር ላይ ሰው መሰለፍ ጀመረ።

"ግድግዳችሁ እርጥበት አለው በላቸው" አለ ባለሱቁ። "ደግሞም አለው። የማን ግድግዳ ነው የሌለው?"

የመጀመሪያው ቤት የሁለት ወጣቶች ነበር። ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋ ደርሷል። የቁምሳጥኑ ሁለት በሮች እንደ መቀስ ተቆላልፈው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። የሕፃኑ ልብስ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተከምሯል። ካቻቢቴ አፉን ከፍቶ እንደተባለው አለ። "ግድግዳችሁ እርጥበት አለው።"

ባልየው ግድግዳውን በመዳፉ ነካ። እዚህም፣ እዚያም ነካ። "አከራዩ ሲያከራየኝ ደረቅ ነው ብሎኝ ነበር" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ፤ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው። "ለልጁም እኮ ደግ አይደለም እርጥበት። ሌላ ቤት ልፈልግ ይሆን?"

ሰውየው በዚህ ዝናብ፣ በዚህች ሆዷ ከገፋ ሴት ጋር፣ አንድ በር ስላልገጠመ ቤት ሊለቅ ነው። "ቆይ" አለ ካቻቢቴ። "ግድግዳህ ምንም አልሆነም። ቁምሳጥኑን ትንሽ ሳብ አድርገህ አየር ካሳለፍክበት ይበቃል። ችግሩ በሩ ነው። ሲሠራ ጀርባው ባዶ ተትቷል።" አሳያቸው። ጠርዙን ቀባ፣ ጀርባውን ለጠፈ፣ ሁለቱን በሮች ለያያቸው። የሕፃኑን ልብስ ሚስቲቱ ስትሰቅል ቆሞ አየ።

ወደ ሱቁ ሲመለስ ነገሩን አልደበቀም። ባለሱቁ አልጮኸበትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን አሸ።

"አንተ የምታየው ጀርባውን ነው" አለ። "እኔ ደግሞ የሚገባውን ሰው ነው የማየው። ደህና እንጨት የሚችል ሰው እዚህ አይመጣም፤ አናጺ ጋ ይሄዳል። እኔ ይሄን ባልሸጥላቸው ልብሳቸውን ካርቶን ውስጥ ነው የሚያኖሩት። ውሸቴን ነው?"

ውሸቱን አልነበረም። ካቻቢቴም ያውቃል፤ እሱና ሚስቱም የሚገለገሉት በዚያው ሱቅ ቁምሳጥን ነው። "እውነትዎን ነው ጋሼ" አለ። "ብቻ ግድግዳው ነው ብዬ መዋሸት አልቻልኩም።" እንዲህ ተባብለው ተለያዩ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። ተጣሉ አይባልም፤ ተኮራረፉ ግን ይባላል።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ወሬውን ሰምታ ካውያዋን አቆመች። "በል እዚሁ ደረጃው ሥር ያለችውን ቦታ ከሕንፃው ጠባቂ ለምነን እንያዛት" አለች። "የከተማው በር ሁሉ ተጣሞ የለ እንዴ።"

ያዟት። ከደረጃው ሥር፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት ጠባብ ቦታ ነበረች፤ ለሌላ ሰው ብትጠብም ለበር ትበቃለች። ሰዎች የተጣመመ በራቸውን በብብታቸው፣ በጭንቅላታቸው፣ በታክሲ ጣሪያ ላይ እያመጡ ደጃፉ ላይ ያቆማሉ። እሱ ያደርቃል፣ ያቃናል፣ ጠርዙን ይቀባል፣ ማጠፊያ ይጨምራል። ከላይ የካውያ እንፋሎት፣ ከታች የቫርኒሽ ሽታ። ምሳ ሰዓት አክስት ከላይ መደገፊያውን በዳንቴል መርፌያቸው ያንኳኩለታል። ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሮቹ መሀል ድብብቆሽ ትጫወታለች። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ዘመን ሥራ የበዛበትም፣ ደስ ያለውም ጊዜ የለም። አሁን አርጅቶ ስለዚያች ጉድጓድ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል፤ ጣሪያዋ ስንቴ ራሱን እንደመታው ይረሳዋል።

ባለሱቁ ከዓመታት በኋላ መጣ። ሸብቷል፤ ሱቁንም ለዘመዱ አስረክቧል። በር አልያዘም። ደረጃው ሥር ጎንበስ ብሎ አየና "ቤት ድረስ ትመጣልኛለህ?" አለው።

ካቻቢቴ ሄደ። ያን ያህል ዓመት ሲያውቀው ቤቱን አይቶት አያውቅም። ትልቅ ቤት ይሆናል ብሎ ነበር የሚያስበው። ሦስት ክፍል ነው፤ ንጹሕ፣ ተራ ቤት። መኝታ ቤቱ ውስጥ ያው የሱቁ ቁምሳጥን ቆሟል፤ ያ ጀርባው ባዶ የሆነው። ሁለቱም በር ተጣሟል፤ በገመድ ታስሮ ነው የተዘጋው።

ሚስትየው ከወጥ ቤት ብቅ አሉ። "ይሄን ገመድ ስፈታና ስቋጥር ዕድሜዬ አለቀ" አሉ። "ግድግዳው ነው ይለኛል።"

ካቻቢቴ ባለሱቁን አየው። ባለሱቁ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር። ሚስትየው ምን እንዳሳቃቸው ገብቷቸው ኖሮ "እናንተ ምን አለባችሁ" ብለው ወጡ።

"እኔም እኮ የሸጥኩትን ነው የተጠቀምኩት" አለ ባለሱቁ ሳቁ ሲበርድ። "አንድ ቀን እንኳ ለራሴ የተሻለ አልወሰድኩም።"

"አውቃለሁ ጋሼ" አለ ካቻቢቴ፤ ባያውቅም። ገመዱን ፈታው። የቀረውን ቀን በሮቹን ሲያቃኑ፣ ባለሱቁ ብሎን እያቀበለው፣ የድሮ ደንበኞችን እያነሡ ሲጥሉ ዋሉ።

አክስት አንድ ክረምት አልጋቸው ላይ እንዳሉ፣ ሳያስቸግሩ አረፉ። መሳቢያቸውን ባዶ ለማድረግ ካቻቢቴም ሚስቱም አልደፈሩም፤ የተጀመረ ዳንቴል ከነመርፌው ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ቀጥሎ ሴት ልጃቸው አድጋ ሥራ ያዘች፤ ካውያውም ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ፤ ሰው ልብሱን ቤቱ የሚተኩስ ሆነ። ከዚያ ሕንፃው ሊፈርስ ነው ተብሎ ተነገራቸው።

ዕቃ ሲያወጡ ቁምሳጥኑ ለመጨረሻ ቀረ። ካቻቢቴ ከፊቱ ቆሞ ብዙ ቆየ። እንዲህ ያለ ሳጥን አንዴ ሲገጠም ነው የሚገጠመው። ብሎኑ ከፍርፋሪው ሲወጣ ቀዳዳውን ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛ የሚይዘው ሥጋ አይኖርም። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ባለቢጫ እጀታዋን አወጣና በሮቹን ቀስ ብሎ ነቀለ፤ ሚስቱ ከታች ደግፋ ያዘች። ጎኖቹን ሲፈታ እንደፈራው ሆነ። ቀዳዳዎቹ እንደ ደረቀ ዳቦ ፈረፈሩ፤ ሳጥኑ ራሱን አልችል ብሎ በጎኑ ተኛ።

"ብዙ ኖረ" አለች ሚስቱ። የፈሰሰውን ሰጋቱራ በእጇ ሰብስባ ትንሽ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ወደ ቆሻሻው አራገፈችው። "ምን ያህል ይቆያል ብሎ ነበር ሻጩ?"

"እሱን ማን ጠይቆት።"

አዲሱ ቤት ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ቁምሳጥን ነበረው፤ በሩ ተንሸራታች፤ ካቻቢቴ የሚነካው ነገር የሌለው። ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ከፍቶ ይዘጋዋል። ሚስቱ "አላመመውም፣ ተወው" ትለዋለች።

ሴት ልጃቸው ያገባችው በዚያ ዓመት ነው። ባሏ ቁጥብ ልጅ ነው፤ ቢሮ ይሠራል፤ አማቱን ሲያይ ከወንበር ይነሣል። ቤት ይዘው የመጀመሪያውን ዕቃ ሲገዙ ካቻቢቴና ሚስቱን ጋበዟቸው። ሲደርሱ ካርቶኑ ወለሉ ላይ ተከፍቷል፤ ቤቱን ያ የኮላና የሰጋቱራ ሽታ ሞልቶታል። ካቻቢቴ ደጃፉ ላይ ቆም አለ። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው።

"አባዬ፣ ዛሬ አንተ እንግዳ ነህ" አለች ልጁ። "እሱ ነው የሚገጥመው። ቃል አስገብቶኛል።"

ለካቻቢቴ ከመስኮቱ አጠገብ ወንበር ሰጡት። አማቹ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞ ጀመረ። የግራውን ጎን ለቀኝ አደረገ። ካቻቢቴ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ክንዱን ቆነጠጠችው። አማቹ ራሱ ደረሰበት፤ ፈታ፤ እንደገና ገጠመ። ልጁ ብሎን እያቀበለች ትስቃለች፤ አንዱ ብሎን ተንከባሎ ከካርቶኑ ሥር ሲገባ ሁለቱም በደረታቸው ተኝተው ይፈልጉታል። ካቻቢቴ ከወንበሩ ሆኖ በሩን ያያል። ክፍሉንም ያያል፤ መታጠቢያ ቤቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ከሰዓት ፀሐይ በየት እንደሚገባ፣ ቁምሳጥኑ የት ሊቆም እንደሆነ። ሁሉን ከንፈሩን ነክሶ ይዞታል።

ወደ ምሳ ሰዓት ግድም በሩ ተሰቀለ። አማቹ ዘጋው፤ ቀጥ ብሎ ገጠመ። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ ወንበሩ ዞረ።

"እንዴት ነው አባባ?"

ካቻቢቴ ተነሣ፣ በመዳፉ የበሩን ፊት ዳበሰ። ጀርባውን አልነካውም። "ቆንጆ ሠርተኸዋል" አለው።

ሚስቱ አየችው። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ በር እንዲህ አጭር ሲናገር ሰምታው አታውቅም። አጠገቡ ቆማ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ጠረጴዛ ገና አልተገዛም ነበርና ባዶውን ካርቶን ወለሉ ላይ ዘረጉት፤ አራቱም ዙሪያውን ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ።